ጠረጴዛው መጋቢት ላይ ለምን ተሰነጠቀ? የሳምንቱ የእንጨት ሥራ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም የእንጨት ወዳጆች። በዚ ሳምንት ከባህር ዳርና ከጣና ዙሪያ የላካችሁትን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ቅዳሜና እሁዱን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት የሚያሳልፈው ሰው እየበዛ ነው፣ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ ነጂም አለ። ጥያቄዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ግን አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ እንጨቱ ወይ ሳይደርቅ ነው የተሠራው ወይ ደግሞ መንቀሳቀሻ ቦታ አልተተወለትም። ስለዚ የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ክረምት ላይ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ከዋንዛ ጣውላ የምግብ ጠረጴዛ ሠርቼ ነበር፣ አራት ጣውላ በነጭ ኮላ አጋጥሜ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሆነ፣ ከስር ካለው ፍሬም ጋር ደግሞ እንዳይነቃነቅ ብዬ በኮላም በሚስማርም አሰርኩት። እስከ ጥር ደህና ነበር፣ አሁን መጋቢት ላይ ግን ከጫፉ ጀምሮ ወደ መሃል ተሰነጠቀ፣ ኮላው ካለበት ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው፣ ጥፍር ያስገባል። ኮላው መጥፎ ሆኖ ነው? ስንጥቁንስ በምን ልሙላው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮላውን አትውቀሰው። መጋጠሚያው ሳይላቀቅ ከአጠገቡ እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ኮላው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፣ በደንብ የተላገ ጠርዝ ላይ ተቀብቶ በሞርሳ (ጨምቆ በሚይዝ ማጥበቂያ) ታስሮ ያደረ ነጭ ኮላ ከእንጨቱ በላይ ይጠነክራል።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ እንጨት የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋዋል። ቫርኒሽ ብትቀባው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኛ ጋ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ላይ ሐይቁ ተጨምሮበት አየሩ እርጥብ ነው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ መጥቶ ይደርቃል፣ አንተ እንጨቱ ባበጠበት ወር ሠርተህ በሚሸማቀቅበት ወር ላይ ደረስክበት። ሲሸማቀቅ ደግሞ በርዝመቱ አይደለም፣ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም፣ በስፋቱ ነው። 80 ሳንቲ ስፋት አንድ ፐርሰንት ብቻ ቢቀንስ 8 ሚሊ ነው! ከስር ያለው የፍሬሙ አግዳሚ ግን ርዝመቱ የሚሄደው በጠረጴዛው ስፋት በኩል ስለሆነ እሱ አይቀንስም። የላይኛው ልጥበብ ሲል የታችኛው በኮላና በሚስማር ይዞ አልለቅም አለው፣ ከዛ በደከመው በኩል ተሰነጠቀ።

ስንጥቁን አሁን በመጋዝ ብናኝና በኮላ እንዳትሞላው እለምንሃለሁ። ሐምሌ ሲመጣ እንጨቱ መልሶ ያብጣል፣ ቦታው ተይዞበት ሲያገኘው ወይ ይጎብጣል ወይ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። መደረግ ያለበት የላይኛውን ከፍሬሙ መለየት ነው። ሚስማሩን በጉጠት ንቀል፣ ኮላው ላይ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እያስቀመጥክ አሙቀው፣ ነጭ ኮላን ሙቀትና እርጥበት ያለሰልሰዋል፣ ከዛ ሰፊ መሮ በቀስታ እያስገባህ አላቀው። የረጠበው እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ተወው። ሲደርቅ ስንጥቁን ተከትለህ በመጋዝ ለሁለት ክፈለውና ሁለቱንም ጠርዝ ላገው፣ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥመህ ወደ መስኮት አዙረህ እየው፣ በመሃል ብርሃን ካላለፈ ደርሷል፣ ኮላህን ቀብተህ በሞርሳ አስረህ አሳድረው።

ወደ ፍሬሙ ስትመልሰው ኮላም ሚስማርም የለም፣ ብሎን ብቻ። መሃል ላይ ላሉት ብሎኖች ክብ ቀዳዳ ይበቃል፣ ወደ ዳርና ዳር ላሉት ግን ፍሬሙ ላይ ያለው ቀዳዳ በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ ይሁን፣ በድሪል ሁለት ቀዳዳ አጠገብ ላጠገብ በስተህ መሃሉን በመሮ ብታገናኘው ይሆንልሃል። ከብሎኑ ጭንቅላት ስር ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) አስገባና ጠበቅ እስኪል ብቻ እሰረው፣ አታስጨንቀው። እንዲ ከሆነ ክረምት ከበጋ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይሰነጠቅም።

ለሚቀጥለው ሥራህ ደግሞ ጣውላውን ከመሰንጠቂያ ቤት እንዳመጣህ አትንካው። ከመሬት ከፍ አርገህ በጥላ ቦታ በየጣውላው መሃል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገባህ ደርድረው፣ ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀባው፣ ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዛ ነው። ለጠንካራ እንጨት በየ2.5 ሳንቲ ውፍረት ወደ አንድ ዓመት ይባላል፣ ግን በግምት ከመሄድ አንዷን ጣውላ በየሳምንቱ በሚዛን ብትመዝናት ይሻላል፣ ኪሎዋ መቀነስ ሲያቆም ካለችበት አየር ጋር ተስማምታለች። ከዛ በኋላም ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ይቆይ።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ ከፈረሰ ቤት በወጣ አሮጌ የዋንዛ በር ረከቦት እየሠራሁ ነው፣ በዚ ሳምንት እግሮቹን ጨረስኩ። የድሮው ረከቦቴ ቫርኒሽ ነበር፣ ትኩስ ጀበና ያለ ማቶት ሲቀመጥበት ነጭ ክብ ይሠራል። በተልባ ዘይት ብቀባው ይሆናል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምርጫሽ በጣም ጥሩ ነው፣ አሮጌ በር ከዓመታት በፊት ደርቆ አልቋል፣ አዲስ ዛፍም አልተቆረጠበትም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፣ ስለዚ ዋንዛ ስትገዙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሁላችንም ፋንታ ነው። ከመላግሽ በፊት ግን ማግኔት አስኪጂበት፣ ውስጡ የተሰበረ ሚስማር ካለ የመላጊያሽን ምላጭ ይበላዋል።

ነጩ ክብ ቫርኒሹ ውስጥ የታፈነ እርጥበት ነው። የተልባ ዘይት ከላይ ቆዳ ሳይሠራ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ እንደዛ አይታይበትም፣ ሲደበዝዝም ደግመሽ መቀባት ነው፣ መፋቅ የለም። ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚ በጣም ስስ አርገሽ ቀቢና ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጊው፣ ካልተጠረገ ይጣበቃል። የኑግ ዘይት ካለኝስ ለምትሉ እሱ ከተልባ ይበልጥ ይዘገያል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፣ የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ ላይ እንዳትጥይው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከተጨመደደ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቃጠላል፣ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። ውጪ ዘርግተሽ አድርቂው ወይ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ንከሪው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ከባህር ዛፍ አግዳሚ ወንበር ሠርቼ ከቡናው ስር ላስቀምጥ ነው። እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው አሉኝ።

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ ያ ዘይት ውስጥ ከሞተር የወጣ ብረታ ብረት አለ፣ ቡናህ ስርም ሐይቁ ዳርም መፍሰስ የለበትም፣ የሚቀመጥበትንም ሰው ልብስ ያበላሻል። እግሩ አፈር አይንካ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁመው፣ ከስር ያለውን ጫፉን በዘይት ቀለም ደጋግመህ አጥግበው። ምስጥ ካስቸገረህ እግሩን ብቻ ከአሮጌ የጽድ አጥር እንጨት ሥራው። ባህር ዛፉ ደግሞ ገና ከተቆረጠ ጫፉ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ዛፉ ሲያድግ ውስጡ የያዘው ውጥረት ነው የሚፈነዳው፣ ስለዚ ረዘም አርገህ ቁረጥና ሲደርቅ የተሰነጠቀውን ጣለው።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ የ14 ዓመት ልጄ እንጨት ሥራ ወዷል፣ መጀመሪያ ምን ልግዛለት? ግራይንደር ላይ የመጋዝ ዲስክ ገጥሞ መቁረጥ ይቻላል ብሎኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ግራይንደሩን ከሱ አርቁልኝ። ባለ ጥርስ ዲስክ ግራይንደር ላይ ለመግጠም አልተሠራም፣ እንጨቱ ሲነክሰው ማሽኑ ወደ ሰውዬው ይወረወራል፣ ፍጥነቱም ለእንጨት ከልክ በላይ ነው፣ ልምድ ያለውም አናጺ እጁን ያጣበታል። የእጅ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ጠባብና ሰፊ መሮ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ግዙለት። ከሁሉም በፊት መሮውን መሳል ይማር፣ የደነዘ መሮ ስለሚገፋ ነው የሚያንሸራትተውና እጅ የሚቆርጠው፣ በደንብ ከተሳለ የእንጨቱን ጫፍ ሳይቦጭቅ አለስልሶ ይቆርጣል፣ በዛ ያውቀዋል።