ስለ ቦቢ ፊሸር ለጠየቃችሁኝ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቼዝ ስንጫወት ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አሜሪካዊው የቼዝ ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ላይ ያርፋል። ባለፈው ሳምንት ክርክሩ ስለከረረ «ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ይኸው መልሱ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያሳበደው ቼዝ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኔ አልቀበለውም። በ1972 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ለ20 ዓመት በይፋ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ሁሉም ይከታተለኛል የሚለው ጥርጣሬ የባሰበት በእነዚያ ዓመታት ነው። ቼዝ ካሳበደው፣ ሲተወው ለምን አልተሻለውም?

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ?

መልስ፦ ቤቱን ተመልከቱ። አባት ተብሎ የተመዘገበው ሰው አብሮት አልኖረም፤ እውነተኛ አባቱ ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት ፖል ኔሜኒ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እናቱን ሬጂናን ደግሞ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በፖለቲካ አቋሟ የተነሣ ለዓመታት ተከታትሏታል። «የሚከታተለን አለ» ማለት በዚያ ቤት ቅዠት አልነበረም። በስድስት ዓመቱ እህቱ ጆአን ቼዝ ገዝታ አመጣችለት፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ያየው ነገር ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ «ፊሸርም ትምህርቱን አቋርጧል» እያለ አስቸገረኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ አልዋሸም፤ 16 ዓመቱ ላይ አቋርጧል። ግን በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ15 ዓመቱ ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ) ሆኖ ነበር። የእርስዎ ልጅ በፊት እኔን ያሸንፈኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ በ1972 ለዓለም ሻምፒዮንነት በአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክጃቪክ ከሶቪየቱ ሻምፒዮን ስፓስኪ ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ እንዴት ተሸነፈ?

መልስ፦ ይህን ባለፈው እሁድ በሰሌዳ አሳይቻችሁ ነበር፤ ጥቁሩ ጳጳስ ጠፍቶብን በአምቦ ውሃ ክዳን ተክተነው፣ የሐይቁ ነፋስ ሁለት ጊዜ ያንከባለለብን። ጨዋታው በአቻ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። በ29ኛው እርምጃ የፊሸር ጳጳስ ጠርዝ ላይ የነበረችውን ወታደር በላ። ስፓስኪ አጠገቧ ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ገፋ አደረጋት፤ ጳጳሱ መውጫ አጣ። ጀማሪ እንኳ ያየዋል። እኔ እንደሚመስለኝ አቻ መውጣትን ስለናቀ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ በካሜራዎቹ ተቆጥቶ ጭራሽ ቀረ፤ 2 ለ 0 ተመራ። ሦስተኛውን ከተመልካች ርቆ በኋላ ክፍል ካልሆነ አልጫወትም አለ፣ ስፓስኪም እሺ አለው። ፊሸር አሸነፈ፤ በመጨረሻም ውድድሩን 12½ ለ 8½ ወሰደ።

ጥያቄ፦ ቀጥሎ ለዘውዱ ሊገጥመው የነበረውን ሶቪየታዊውን ካርፖቭን ፈርቶ ነው የሸሸው?

መልስ፦ መሸነፍን ፈርቶ ነው እላለሁ። 10 ጊዜ ያሸነፈ ይውሰድ፣ 9 ለ 9 ከሆኑ ግን ዘውዱ ከእኔ ጋር ይቅር አለ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ይህን የመጨረሻውን አልተቀበለም። በ1975 ዘውዱን ያለ ጨዋታ አጣ።

ጥያቄ፦ አይሁዶችን ይጠላ የነበረው እናቱ አይሁዳዊት ሆና ነው?

መልስ፦ አዎ። በመስከረም 2001 አሜሪካ ስትጠቃም በፊሊፒንስ ሬዲዮ ደስታውን ገልጿል። ለዚህ ሰበብ አልፈልግለትም፤ እናንተም አትፈልጉለት።

ጥያቄ፦ አገሩ መግባት ለምን አልቻለም?

መልስ፦ በ1992 ማዕቀብ በተጣለባት ዩጎዝላቪያ ከስፓስኪ ጋር ዳግመኛ ተጫወተ። አትጫወት ያለውን የአሜሪካ መንግሥት ደብዳቤ በጋዜጠኞች ፊት ተፋበት፤ የእስር ማዘዣ ወጣበት። እናቱ በ1997፣ እህቱ በ1998 ሲሞቱ አፈር ሊያለብስ እንኳ አልሄደም። በ2004 ጃፓን ውስጥ ታሰረ፤ በ2005 አይስላንድ ዜግነት ሰጥታ ወሰደችው። በ2008 በኩላሊት ሕመም እዚያው ሞተ። (64 ዓመት ኖረ፣ የቼዝ ሰሌዳም 64 ቤት አለው የምትሉትን ተዉኝ።)

ጥያቄ፦ ወዳጅ አልነበረውም?

መልስ፦ ነበረው፤ እሱ ራሱ ያሸነፈው ስፓስኪ። ፊሸር ጃፓን ታስሮ ሳለ ስፓስኪ ለፕሬዚዳንት ቡሽ ጻፈ፦ እኔም ዩጎዝላቪያ ላይ ተጫውቻለሁና እሰሩኝ፣ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል አስገቡኝ፣ ቼዝም ስጡን ብሎ።

የጠፋውን ጥቁር ጳጳስ ያገኘ ሰው እሁድ ይዞት ይምጣ።