መልስ፦ 3 ወር ሠርቼ ለውጥ የለም፣ ፕሮግራም ልቀይር?

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ጂም ገብተህ 3 ወር ብረት ብታነሳም መስታወት ላይ ለውጥ ስላላየህ ፕሮግራም ልቀይር ወይ ብለሃል። አትቀይር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቭህ ያለህን ጡንቻ ማዘዝ ስለሚለምድ ነው፤ ጡንቻው ለዓይን እስኪሞላ ወራት ይፈጃል። በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያይር ሰው ደግሞ መጨመሩን እንኳ ማወቅ አይችልም።

ደብተር ያዝ። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) እና ሮው (ብረት ወደ ሆድ መሳብ) በሳምንት 3 ቀን፣ እያንዳንዱን 3 ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሥራ። ሦስቱንም ዙር 12 ስትሞላ 2.5 ኪሎ ጨምር፤ ቁጥሩ ወደ 8 ወይም 9 ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ 12 ውጣ። ወገብህን እያጎበጥክ የጨመርከው ኪሎ አይቆጠርም።

ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ለሳምንታት ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምግብና የእንቅልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትህ በቀን 1.6 ግራም ፕሮቲን አስላ፤ 65 ኪሎ ከሆንክ 104 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ብቻ ነው ያለው። ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የምታገኘው ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ግን በ100 ግራም የበሰለ ሥጋ 26 ግራም ገደማ ይሰጥሃል፤ ሐይቁ አጠገብህ እያለ ውድ የፕሮቲን ዱቄት መግዛት አያስፈልግህም። በጾም ምስርና ሽምብራ በየማዕዱ አብዛ።

ጾም ሲገባ ጂም ማቆም ነው ብዙዎችን የሚጥላቸው። ዙሩን ወደ 2 ቀንስ፣ ክብደቱን ግን አትንካ፤ የገነባኸው አይጠፋም።