ጥያቄና መልስ፦ ፒዲኤፍ፣ ምስልና ዚፕ በሚልክ ሰርቨር ላይ የጭነት ሙከራ

ለሰሜን ሸዋ ሶፍትዌር ሠሪዎች። የጭነት ሙከራ ማለት ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሰርቨሩ መቻሉን መፈተሽ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለ ባይነሪ ምላሽ፣ ማለትም ሰርቨሩ ጽሑፍ ሳይሆን ፋይል ሲልክ ስለሚመጣው ጥሬ ባይት ብቻ ነው። ስትጠይቁ የመሣሪያውን ስም፣ የፋይሉን መጠንና የተጠቃሚውን ቁጥር ጻፉ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ሰርቨሩ የሚልከው የፒኤንጂ ምስል ጄሚተር (የጭነት ሙከራ መሣሪያ) ውስጥ ዝብርቅርቅ ፊደል ሆኖ ይታየኛል። ስክሪፕቴ ፋይል ላይ የጻፈውም አይከፈትም። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፤ ያበላሸው ስክሪፕትህ ነው። ፒኤንጂ በባይት 137 ይጀምራል። 137 መነሻ ላይ ሲቆም በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት የሚጻፍበት ሥርዓት) ፊደል አይሆንም፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ይጣልና መልሰህ ስትጽፈው በቦታው 239፣ 191፣ 189 ይገባሉ። አንዱ ባይት ሦስት ሆነ፣ ዋናውም ጠፋ። ከዚያ በኋላ የምትለካው መጠንም ሆነ የምታሰላው ሃሽ (ከፋይሉ ባይቶች የሚሰላ አጭር መለያ) ውሸት ነው።

ስክሪፕትህን በግሩቪ ቋንቋ ስትጽፍ «ጌት ሪስፖንስ ዳታ» የሚለውን ጥራ። መጨረሻው ላይ «አዝ ስትሪንግ» ያለበትን አትንካ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አመሳክር፦ ፒዲኤፍ 37 80 68 70፣ ዚፕ 80 75 3 4 (ባዶ ዚፕ ግን 80 75 5 6)፣ ጄፔግ 255 216 255። ግሩቪ የሚሠራበት ጃቫ ባይትን ከ-128 እስከ 127 ስለሚቆጥር 255 በ-1፣ 137 በ-119 ይመጣብሃል። ከማመሳከርህ በፊት ባይቱን ከ255 ጋር በቢት ኤንድ (በ& ምልክት) አገናኘው፤ አለዚያ ደህናው ምስል ሁሉ «ወደቀ» ይባላል። የፒዲኤፍ አራቱ ባይቶች ከ128 በታች ስለሆኑ ይህ ስሕተት እዚያ አይታይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በፒዲኤፍ ሞክሮ ወደ ምስል ሲሻገር ነው።

ከደብረ ሲና፦ ሰርቨሩ 200 (ተሳክቷል የሚለው ኮድ) ካለኝ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። የመግቢያ ጊዜው ያለፈበት ተጠቃሚ ፒዲኤፍ ጠይቆ የመግቢያ ገጽ በ200 ሊመለስለት ይችላል። የመጀመሪያው ባይት 60 (የ«<» ምልክት) ከሆነ በእጅሽ ያለው ፒዲኤፍ አይደለም፤ ኤችቲኤምኤል ሳይሆን አይቀርም። ሳይዝ አሰርሽን (የምላሹን መጠን የሚፈትሽ የጄሚተር ክፍል) ጨምሪ፤ «ሪስፖንስ ቦዲ» (የምላሹ ይዘት) የሚለውን ምረጪ፣ አለዚያ ሄደሩም (ከይዘቱ በፊት የሚመጣው መግለጫ) ይቆጠራል።

ከመሐል ሜዳ፦ በ200 ተጠቃሚ ጄሚተር ሚሞሪ ጨርሶ ይወድቃል። ፋይሉ 5 ሜጋባይት ነው።

መልስ፦ 200 በ5 ሲባዛ 1000 ሜጋባይት ነው፤ ጄሚተር ሲጫን የሚሰጠው ሂፕ (ሊጠቀምበት የሚችለው ሚሞሪ) ደግሞ 1 ጊጋባይት ነው። ቪው ሪዛልትስ ትሪን (እያንዳንዱን ምላሽ የሚያሳየውን ክፍል) ዝጋ፤ ሙከራውንም ከኮማንድ ላይን አስነሣ። በኤችቲቲፒ ጥያቄው «አድቫንስድ» ገጽ ላይ ምላሹን በኤምዲ5 ሃሽ አስቀምጥ የሚለውን ምረጥ። ያኔ የሚቀመጠው 32 ፊደል ብቻ ነው። ነገር ግን ለሸዋ ሮቢቱ የነገርኩት የባይት ማመሳከሪያ በዚህ ጊዜ አይሠራም፤ የሚያገኘው ሃሹን ነውና። የይዘት ፍተሻውን በጥቂት ተጠቃሚ ለብቻ አሂደው።

ከደብረ ብርሃን፦ ሃሹ በየጊዜው ይለያያል።

መልስ፦ ፒዲኤፉ በየጥያቄው እየተሠራ ከሆነ የተፈጠረበት ሰዓት ውስጡ ይጻፋል፤ ሃሹ መለያየቱ አይቀርም። ሃሽ ለማይለወጥ ፋይል ነው።

ከአንኮበር፦ እኔ ጋ አልሠራም አለኝ።

መልስ፦ ምኑ? መሣሪያ፣ መጠን፣ ቁጥር ጻፉ ብያለሁ።

ከአንኮበር፦ ኬ6 (ሌላ የጭነት ሙከራ መሣሪያ) ነው። መጠኑን ስፈትሽ ሁሌም ይወድቃል።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ሪስፖንስ ታይፕን ባይነሪ ስታደርገው ቦዲው አሬይ በፈር (የጥሬ ባይት መያዣ) ይሆናል። እሱ ደግሞ «ሌንግዝ» የለውም፤ «ባይት ሌንግዝ» በል። ቦዲው የማያስፈልግህ ከሆነ ዲስካርድ ሪስፖንስ ቦዲስን (ቦዲውን የሚጥለውን ምርጫ) አብራ፤ የምትፈትሸው ጥያቄ ላይ ብቻ ባይነሪ ብለህ ትሽረዋለህ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሙከራውን ከዚሁ ከቢሮ ማስነሣት አለብን፤ ተጠቃሚው ያለው እዚህ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሆኖ? መስመሩን ነው የምትለካው።

ከደብረ ብርሃን፦ ተጠቃሚውም በዚያው መስመር ነው የሚጠብቀው!

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ናቸው። በ100 ሜጋቢት መስመር በሴኮንድ የሚያልፈው ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው። 50 ሰው ባለ 5 ሜጋባይት ፋይል በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ፣ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን 20 ሴኮንድ ይፈጃል። የሰርቨሩን አቅም ከጎኑ ካለ ማሽን ለኩ፤ የተጠቃሚውን ጥበቃ ከዚህ፣ በጥቂት ተጠቃሚ። ውጤቶቹን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አትደባልቁ።

ከዓለም ከተማ፦ ሎከስት በሚባለው የጭነት ሙከራ መሣሪያ ላይስ?

መልስ፦ የምላሹን ይዘት ስትወስድ «ኮንተንት» እንጂ «ቴክስት» አትበል። ሄደሩ ኢንኮዲንግ ካልነገረው «ቴክስት» ለመገመት ባይቱን ስለሚያስስ ሲፒዩህን ይበላል።

ከሞላሌ፦ ቪው ሪዛልትስ ትሪ ላይ ምስሉ ፊደል ሆኖ...

መልስ፦ ለሸዋ ሮቢቱ የመለስኩትን አንብብ። ጭነቱን ከመጀመርህ በፊትም ቪው ሪዛልትስ ትሪን ዝጋው።