የድሮ ሲምባል ዕድሜና ዋጋ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

አሮጌ ሲምባል (ከድራም ጋር በዱላ የሚመታውን ክብ የብረት ሳህን) ስገዛ፣ ስሸጥና ስመዝን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ይዛችሁ ኑ፦ ስፋቱን በኢንች፣ ክብደቱን በግራም፣ የማህተሙን ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አትወልውሉት። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ ዚልጂያን አለኝ። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ስንት ኢንች? ስንት ግራም? ማህተሙስ? ይህን ሳልሰማ ዋጋ ብጠራልህ ዋሸሁህ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሌላ ሰው)፦ የእኔ 22 ኢንች፣ 2,150 ግራም። የተቀረጸ ማህተም ብቻ ነው ያለው፣ ቀለም የለውም። «ኬ ዚልጂያን» እና «ኢስታንቡል» ይላል። ከአጎቴ የወረስኩት ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! እስኪ ረጋ ብለን እንየው።

«ኬ» ማለት ኬሮፔ ነው። ከሲምባል ሠሪው የዚልጂያን ቤተሰብ አንዱ። ቤተሰቡ አርመን ነው፤ ሥራውን በ1623 በዚያችው በኢስታንቡል ከተማ እንደጀመረ ይነገራል። የከተማዋ ስም ራሱ ዕድሜ ይነግርሃል። «ኮንስታንቲኖፕል» የሚል የድሮ ማህተም ካየህ ወደ 1930 እና ከዚያ በፊት ነው። «ኢስታንቡል» ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። ኬን አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍል የነበረው ግሬች የተባለው የድራም ኩባንያ ነው። የኢስታንቡሉ ፋብሪካ በ1977 ተዘጋ። ስለዚህ ያንተ ሲምባል ከ1930 እስከ 1977 ባለው መሃል ነው። ከዚህ በላይ ለማጥበብ ማህተሙን ማየት አለብኝ።

ውድ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ አይደለም። እነዚያ ሲምባሎች አንድ በአንድ በእጅ በመዶሻ የተቀጠቀጡ ናቸው። ሁለት አንድ ዓይነት አታገኝም። አንዱ ሲመታ ድምፁ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፤ ሌላው ድስት ይመስላል። ሁለቱም ማህተማቸው አንድ ነው። የጃዝ ድራመሩ ቶኒ ዊሊያምስ ከጥሩምባ ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር የተጫወተበት 22 ኢንች ኬ ነበር። የጃዝ ድራመሮች እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ይፈልጋሉ። 2,150 ግራም ለ22 ኢንች ቀለል ያለ ነው። ተፈላጊው ይሄ ነው። ጤነኛ ከሆነ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል።

ጤነኛ መሆኑን እንዲህ እይ። የመሃሉ ቀዳዳ ክብ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ተበልቷል? ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍርህ ዳስስ። ጥፍርህን የያዘው ቦታ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሪቬት (ትንሽ የብረት ችንካር) የገባበት ተጨማሪ ቀዳዳ አለ? ደግሞ አትወልውለው።

ጥያቄ፦ እኔም «ኢስታንቡል» የሚል አለኝ። በጥቁር ቀለም ነው የተጻፈው፣ የሰው ፊርማም አለበት። ሺህ ዶላር ያወጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ እዚያ የሠለጠኑት አጎፕና መህመት በ1980 «ኢስታንቡል» የሚል የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። አጎፕ በ1996 ሲሞት ለሁለት ተከፈለ፤ ኢስታንቡል አጎፕና ኢስታንቡል መህመት። ጥሩ ሲምባሎች ናቸው። የድሮው ኬ ግን አይደሉም።

ጥያቄ፦ የእኔም ኢስታንቡል ይላል፣ ዚልጂያን የሚል ቃል የለውም…

መልስ፦ አሁን መለስኩ እኮ። ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የእኔ አረንጓዴ ነገር ይዞታል። በብራሶ (በብረት መወልወያ) ላጽዳው?

መልስ፦ በፍጹም! ያ ቡኒና አረንጓዴ ቀለም የዓመታት ነው። ገዢ የሚያምነው እሱን አይቶ ነው። ስትፈገፍገው ማህተሙም እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ወጣት ሳለሁ የ1950ዎቹን 20 ኢንች እንደ መስታወት አብለጭልጬ ማህተሙ ጠፋ። ምን እንደነበር ማስረዳት አልቻልኩም፤ በርካሽ ሄደ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በቃ።

ሌላ አባል፦ ለምን «ሲምባል» ትላላችሁ? ጸናጽል የሚል የራሳችን ቃል እያለ። መዝሙር 150 ላይ አለ።

ሌላ አባል፦ ጸናጽል ካህናት በማኅሌት የሚይዙት ነው። እጀታ አለው፣ ይነቀነቃል። ይሄ በዱላ የሚመታ ክብ ሳህን ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ መጽሐፉ ተሳሳተ ልትል ነው?

መልስ፦ መጽሐፉ አልተሳሳተም። ተርጓሚዎቹ ሕዝቡ የሚያውቀውን ቃል መረጡ። ለገበያ ግን ጸናጽል ብላችሁ ብትጽፉ ሌላ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ይመጣባችኋል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ አባቴ በወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር። የቆዳ ማንጠልጠያ ያላቸው ሁለት ሲምባሎች ትቶልኛል። ቆዳውን ልቀይረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀይሪው። ሁለቱንም አትለያዪያቸው። የማርሽ ሲምባል አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ድራመሮች ብዙ አይከፍሉበትም። ያንቺ ዋጋው ታሪኩ ላይ ነው። አባትሽ በደንብ ልብስ የተነሱት ፎቶ ካለ አብረሽ አስቀምጪው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ዚልጂያን ነው ማለት ነው! የማርሽ ባንዶቹ አርባ ልጆች እንደ ዚልጂያን አርመን አልነበሩ?

መልስ፦ አርባ ልጆች በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። ሙዚቃ ያሠለጠናቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመን ነው። ታላቅ ታሪክ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ዘር አንድ መሆኑ የሲምባል ማህተም አይሆንም። ማህተሙን አሳዩኝ።

ጥያቄ፦ የ1960ዎቹ ሳቢያን ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ የለም። ሳቢያን በ1981 ነው ካናዳ ውስጥ የተመሠረተው። ሮበርት ዚልጂያን ከወንድሙ ተለይቶ ያቋቋመው ነው።

ጥያቄ፦ ፓይስቴ የሚባለው ሲምባልስ? ቁጥር አለው፣ በ3 ይጀምራል።

መልስ፦ የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው። 1973 ወይም 1983 ወይም 1993። የትኛው እንደሆነ ሞዴሉና የጽሑፉ ቀለም ይለያል። ፎቶ።

ጥያቄ፦ ከሕፃናት ድራም ጋር የመጣ ቢጫ ሲምባል…

መልስ፦ ብራስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ነው። ልጁ ይጫወትበት።

ሌላ አባል፦ ጥሩ ሲምባል ማለት 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ነው። ሌላው ቆሻሻ ነው።

መልስ፦ ይሄን አባባል አልቀበልም። «2002» የሚባለው የፓይስቴ ሞዴል ቆርቆሮው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ የዚህን ሞዴል የድሮ ሲምባሎች ሮክ የሚጫወቱ ሰዎች ይሻሟቸዋል። በጆሮ ፍረዱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መዘንኩት። 20 ኢንች፣ 1,870 ግራም። ቀለም የለውም። በዐረብ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፣ ከሥሩ «አቬዲስ ዚልጂያን»፣ ከዚያ «አሜሪካ የተሠራ» ይላል።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው አቬዲስ ሦስተኛው ሥራውን አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኩዊንሲ የጀመረው በ1929 ነው። በቀለም መጻፍ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ያንተ በዚያ መሃል ነው። ለ20 ኢንች ከ2 ኪሎ በታች ቀጭን ነው፤ ደስ ይላል። የ1960ዎቹ ከሆነና ጤነኛ ከሆነ ከ200 እስከ 300 ዶላር መጠየቅ ትችላለህ። የ1950ዎቹ ከሆነ ከዚያም በላይ። ማህተሙን በመብራት ከጎን አንሳው፤ ከዐረብኛው ጽሑፍ ሥር ያሉት ነጥቦች በደንብ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ፎቶው እንዲጠራ ትንሽ ላብሰው?

መልስ፦ በደረቅ ጨርቅ። አቧራውን ብቻ።