ለሴክሽን ኤይት ማመልከቻ ገንዘብ አትክፈዪ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ፤ ሆቴል ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ። ከደሞዜ ከግማሽ በላይ ኪራይ ይወስደዋል። አንድ ሰው በ200 ዶላር የሴክሽን ኤይት (የመንግሥት የቤት ኪራይ እርዳታ) ፎርም እሞላልሻለሁ አለኝ። የሥራ ሰዓት ከጨመርሽ ግን ይከለክሉሻል ብሎ አስፈራራኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን እንዳትሰጪው። ማመልከት በነፃ ነው። የምታመለክቺውም በቀጥታ ለአካባቢሽ ሃውዚንግ ኦቶሪቲ (የቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ነፃ አስተርጓሚ እንዳላቸው ጠይቂ።

የሥራ ሰዓቱ ነገር ያንገበግበኛል፤ በዚህ ወሬ ስንቱ ሥራ ቀንሷል! ቫውቸር (የኪራይ እርዳታው የሚሰጥበትን ወረቀት) ስታገኚ መጀመሪያ ከገቢሽ ላይ ለልጆችና ለልጅ ጥበቃ ተብሎ የሚቀነስ አለ። ከቀሪው 30 በመቶ ገደማ አንቺ ትከፍያለሽ። ሌላውን እስከ ተወሰነ ጣሪያ መንግሥት ለአከራዩ ይከፍላል። ቀሪው በወር 2,000 ዶላር ቢሆን ድርሻሽ 600 አካባቢ ነው። ገቢሽ በ100 ዶላር ቢያድግ ድርሻሽ በ30 ያህል ይጨምራል። ታዲያ ለምን ሰዓትሽን ትቀንሻለሽ? ብቻ ለውጡን አትደብቂ፣ ሪፖርት አድርጊ።

ከባዱ ወረፋው ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ብዙ ቦታ ምዝገባው ተዘግቶ ይቆይና ለጥቂት ቀን ብቻ ይከፈታል። ስለዚህ በአጎራባች ካውንቲዎችም ተመዝገቢ።

እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄ ስሜ ተሰርዟል። ቤት ስቀይር አዲሱን አድራሻ አላሳወቅኩም ነበር። «አሁንም እርዳታውን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ደብዳቤ ወደ ድሮው ቤት ሄዶ ቀረ። ስደውል ነው የነገሩኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ተመዘገብኩ። አንቺ ስልክም ሆነ አድራሻ በቀየርሽ ቁጥር በዚያው ሳምንት አሳውቂ። ያሳወቅሽበትን ወረቀት ወይ ስክሪንሾት አስቀምጪ።

ቫውቸሩ ሲደርስሽ ቤት መፈለጊያ ቢያንስ 60 ቀን አለሽ። ካልበቃሽ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቂ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ አከራይ ቫውቸር ስለያዝሽ ብቻ አላከራይም ማለት በሕግ ተከልክሏል፤ ራሳቸው በሚኖሩበት ቤት ክፍል የሚያከራዩ ግን ይለያሉ።

እስከዚያው የወር ኪራይ የሚያጥርሽ ከመሰለሽ 211 ደውለሽ የአስቸኳይ ኪራይ እርዳታ ጠይቂ። የፍርድ ቤት ወረቀት በርሽ ላይ እስኪለጠፍ አትጠብቂ።