አንቀጹን ስታገኙ ፍለጋው አላለቀም

ውድ ልጆቼ፣ ወደ ሕግ ሙያ ገና እየገባችሁ ላላችሁ፦

ወጣት ባለሙያዎች ሕግ ሲፈልጉ ሳይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የድረ ገጹ መፈለጊያ ሳጥን ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋሉ፤ ከላይ የመጣውን ይከፍታሉ፤ አንቀጹን ኮፒ አድርገው ይወጣሉ። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ግን ከዚያ አንቀጽ ጀርባ መብቱ የተንጠለጠለ ሰው አለ።

መጀመሪያ ቃሉን አስቡበት። ሕግ አውጪው እኛ በምንናገረው ቃል ላይጽፍ ይችላል። በአሜሪካ ሰው ሁሉ «የክሬዲት ሪፖርት» የሚለውን ሰነድ የፌዴራሉ ሕግ «የሸማች ሪፖርት» ብሎ ነው የሚደነግገው። በለመዳችሁት ቃል ብቻ ከፈለጋችሁ ዋናው ድንጋጌ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ተቀራራቢ ቃላትን አስቀድማችሁ ደርድሩ። ዌስትሎውና ሌክሲስ በተባሉት የሕግ መፈለጊያ የመረጃ ቋቶች የቃሉን መነሻ ጽፋችሁ ቃለ አጋኖ ብታስከትሉ የቃሉን ልዩ ልዩ መልኮች ያመጣላችኋል። ጉዳዩ ጭራሽ አዲስ ከሆነባችሁ ግን ሳጥኑን ተዉትና በይዘት ማውጫው ግቡ። እኔ በግሌ ማውጫውን አስበልጣለሁ፤ አንቀጹ የት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠና ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህን ጎረቤቶች ባለማየት ነው። አንቀጹ ግዴታ ይጥላል፤ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ ደግሞ ከግዴታው ነፃ የሚሆኑት ተዘርዝረዋል። ትርጓሜው ጭራሽ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕጎች ስብስብ ገና በመጀመሪያው አንቀጹ፣ ዐውዱ ሌላ ካላመለከተ በቀር «ሰው» ሲባል ኩባንያንም እንደሚጨምር ይናገራል። ይህን ያላነበበ ሰው በሩቅ ምዕራፍ ያለ ድንጋጌ አይቶ «ኩባንያን አይመለከትም» ብሎ ደንበኛውን ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ ጊዜውን አጣሩ። የእንግሊዝ መንግሥት የሕግ ድረ ገጽ ገና ያልተካተተ ማሻሻያ ሲኖር ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ አትለፉ። የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ድረ ገጽ በሆነው ዩር-ሌክስ ላይ ያሉት፣ ማሻሻያዎቹን ከዋናው ሕግ ጋር ያዋሃዱ የተጠቃለሉ ቅጂዎች ለሥራ ይመቻሉ፤ ሕጋዊ ውጤት ያለው ግን በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ የወጣው ጽሑፍ ነው። ዌስትሎው ላይ አንቀጹ መሻሻሉን ወይም መሻሩን የመሰለ ነገር የሚጠቁመውን ቀይ ባንዲራ ካያችሁ አንቀጹን ወዲያው አትጣሉት። ክፈቱት። ችግሩ አንዱን ንዑስ አንቀጽ ብቻ የሚነካ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ድርጊቱ የተፈጸመው ከዓመታት በፊት ከሆነ፣ የዛሬው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃችሁም፤ ያኔ ሥራ ላይ የነበረውን ቅጂ ፈልጉ።

ስትጨርሱ የፈለጋችሁባቸውን ቃላት፣ ያያችሁትን ቅጂና ቀኑን ፋይሉ ላይ አስፍሩ። ጉዳዩን ከእናንተ የሚረከበው ባልደረባ ከዜሮ አይጀምርም።