ለአጭር መንገድ ይሄ ሁሉ ትጥቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምሠራው ኢንተርኔት ዝርጋታ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ፒያሳ ስል እውላለሁ። በዚህ ትራፊክ ከ40 በላይ የምነዳበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተሰጠኝ ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት ብቻ ነው። ባለቤቴ ጃኬቱን፣ ጓንቱን፣ የጉልበት መከላከያውን ሁሉንም ካላደረግክ ብላ ይዛኛለች። የሥራ ጓደኞቼ ደግሞ ጓንት ሳጠልቅ ባዩ ቁጥር «ጨረቃ ላይ ልትወጣ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ሰው ቤት እንደ ሮቦት ሆኖ መግባትም ያሳፍራል። ብሩም ለሁሉም አይበቃም። ስንቱ ይበቃኛል?
ሞተረኛው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት። ግን ሁሉም በአንዴ አይገዛም፣ ስለዚህ የቱ ይቅደም የሚለውን እንነጋገር።

መጀመሪያ ይቺን «ከ40 አልበልጥም» የምትላትን ነገር ተዋት። ሰው ቆሞ ባለበት እንኳ ቢወድቅና ጭንቅላቱ መሬት ቢያገኘው፣ የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ፍጥነት ሳትጨምር ከፍታው ብቻ ይበቃል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኸርት ሪፖርት የሚባለው ጥናት 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ ነበር፤ ግማሽ ያህሎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከመኪና ጋር ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩን ያላየው መኪና ነበር፣ በተለይ ወደ ግራ ሲታጠፍ። አንተ ደግሞ ሚኒባሱ አለህ፣ «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ያለ ፍሬቻ ጥግ የሚይዘው።

እንግዲህ ብርህን መጀመሪያ ሄልሜት ላይ አውለው። የተሰጠህን ክፍቱን መልስና አገጭ የሚሸፍነውን፣ ሙሉውን ግዛ። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ እ.ኤ.አ. የ2008 ግምገማ አሳይቷል። ክፍቱም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ሄልሜት ላይ ካረፉት ምቶች ሲሶ ያህሉን ያገኘው አገጭ አካባቢ ነው፤ ያንተው ሄልሜት እዚያ ጋ ባዶ ነው።

መርካቶ ስትገዛ የሚያብረቀርቀው ስቲከር አያታልልህ፣ ስቲከር የትም ይታተማል። የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ገልብጠህ እያት። የአውሮፓውን ደረጃ ያለፈ ከሆነ ክብ ውስጥ «ኢ» (E) ፊደልና ቁጥር አለ፣ ከሥር ካለው ረጅም ቁጥር ጋር ደግሞ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ታገኛለህ። «ፒ» (P) ከሆነች አገጩም ተፈትኗል፣ «ጄ» (J) ከሆነች ክፍት ነው። ከዚያ አጥልቀው፣ ማሰሪያውን እሰር፣ ሻጩ እያየህም ቢሆን ከኋላ ጠርዙን ይዘህ ወደ ፊት ለመገልበጥ ሞክር። ከወጣ አይሆንህም፣ አስቀምጠው። ጉንጭህን ጭምቅ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ትንሽ ሲያገለግል ስፖንጁ ለቀቅ ስለሚል መጀመሪያ የጠበበህን «ሰፋ ያለ የለም?» ብለህ አትመልሰው። ያገለገለ ሄልሜት ግን በነፃም ቢሰጡህ አትቀበል። ውስጡ ያለው ነጩ ፎም የሚያድንህ እየተሰባበረ ነው፣ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም።

ሁለተኛ ጓንትና ጫማ። ባልደረቦችህ የሚስቁበት ጓንት ከጃኬቱ ይቀድማል እላለሁ። የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ አስቦበት አይደለም። መዳፍህ አስፋልት ላይ ከተላጠ ያቺን ቀጭን የኬብል ጫፍ በምንህ ትይዛታለህ? ሥራህ እኮ በጣትህ ነው። መዳፉ ላይ ቆዳው ድርብ የሆነ፣ አንጓው ላይ የሚታሰር ጓንት ፈልግ። የማይታሰር ከሆነ መሬት ሲነካ ተንሸራቶ ይወልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አደጋ የደረሰባቸውን 212 ሞተረኞች ተመልክቶ ነበር። የሞተር ጓንት ያደረጉት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ካላደረጉት ከግማሽ በታች ሆነ። ጫማው ላይ ያገኙት ነገር ደግሞ ለኪስህ ደስ ይላል። ለሞተር ያልተሠራ ተራ ቦት እንኳ ከስኒከርና ከአጭር ጫማ ጋር ሲወዳደር የእግርን ጉዳት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ውድ የሞተር ጫማ አያስጨንቅህ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ደህና ከስክስ ይበቃል። ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ሸጉጠው፣ ማርሽ ላይ እንዳይጠለፍ።

ሦስተኛ ጉልበት። ከሱሪ ሥር የሚታሰር መከላከያ አለ፣ ደንበኛህም አያየውም፣ የሮቦቱ ነገር እዚሁ ያልቃል። ጂንሱን አትመነው። በ40 ፍጥነት የወደቀ ሰው 10 ሜትር ያህል ሊንሸራተት ይችላል፣ ተራ ጂንስ ደግሞ ከዚያ በፊት ተበልቶ ያልቃል።

ጃኬቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ልባሽ ተራ ስትዞር ክርንና ትከሻው ላይ መከላከያ የሚገባበት ኪስ ያለው ካጋጠመህ ግን ዕድልህ ነው፣ አትለፈው። «ይሞቃል» የሚለው ሰበብ ለድሬዳዋ ሰው ይሁን። እዚህ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ጠዋት ከአራት ኪሎ ስትወርድ አንተው ራስህ ትፈልገዋለህ።

እና ያ የመሣሪያ ቦርሳ። ድሪልና ፒንሳ ጀርባህ ላይ አዝለህ በጀርባህ ብትወድቅ አከርካሪህና አስፋልቱ መሃል የሚገባው ብረት ነው። ከኋላ ሳጥን አስገጥምና እዚያ ክተተው። ይሄ ካንተ ኪስ መውጣት የለበትም፣ ሳጥኑን መሥሪያ ቤቱ ነው መግዛት ያለበት፣ ጠይቃቸው።

አንድ ነገር ለባለቤትህም ንገራት። ያው የአውስትራሊያ ጥናት መከላከያ ያደረጉት ሰዎች የአጥንት ስብራታቸው ሲቀንስ አላየም። የቀነሰው መላጥ፣ መቁሰልና ሆስፒታል መተኛት ነው። ሁሉንም ለበስኩ ብለህ በሁለት አውቶቡስ መሃል ሾልከህ ካለፍክ ልብሱ ምንም አያደርግልህም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ስኩተር ናት፣ ከኦሎምፒያ ስታዲየም ድረስ ብቻ ነው የምነዳት። ሹሩባ ስሠራ ሄልሜቱ አልገባ ይለኛል፣ ትቼው የምወጣበት ቀን አለ። ለዚች መንገድ የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ የግድ ነው፣ ሞተር ለሚነዳ ሰው ሕጉም የግድ ይላል። ስኩተርሽ ድምፅ ስለሌላት እግረኛውም ሹፌሩም አይሰሙሽም፣ ስለዚህ እንዲያዩሽ አድርጊ። ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት አንጸባራቂ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነበር፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉትም ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ። ነጩን ግዢ። ለሹሩባው ብለሽ ግን በቁጥር የሚበልጥ ሄልሜት አትግዢ፣ ፀጉርሽ በተፈታ ማግስት ራስሽ ላይ ይዞራል። ሠሪዋ ጫፉን አናት ላይ ከምትሰበስበው ወደ ማጅራትሽ ዝቅ አድርጋ ትሥራልሽ። ነጠላ ወይም ስካርፍ ካለሽ ደግሞ እየነዳሽ አትልበሺው፣ ጫፉ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገትሽን ይዞ ነው የሚጎትተው። ቦርሳ ውስጥ ክተቺውና ስትደርሺ ልበሺው።